ኮረሪማና ሄል ከነቅርፊታቸው፦ ከዶሮ ወጥ እስከ ሩዝ በወተት

ተፈጭቶ በላስቲክ የታሰረ ኮረሪማ መግዛት ካቆምኩ ቆየሁ። አሁን ቤቴ የሚገባው ያልተፈለፈለው ነው፣ ከነቅርፊቱ። ሄልም እንደዚያው። ብዙ ሰው «ተፈጭቶ እየተሸጠ ምን አደከመሽ?» ይለኛል። ድካሙ ግን ይህን ያህል አይደለም፤ ቁሌቱ እስኪበስል ድረስ ተፈልፍሎ ተወቅጦ ያልቃል። ልዩነቱ ደግሞ ገና ድስቱ ሲከፈት ይታወቃል። ስለዚህ እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ እንዴት እንደምሠራበት፣ የትኛው ምግብ ላይ መቼ እንደሚገባ፣ ጣፋጭ ነገር ላይስ እንዴት እንደሚሆን በደንብ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሆነ። የኮረሪማ ሽታ ያለው በውስጡ ባሉት ትንንሽ ፍሬዎች ነው። ፍሬዎቹ ውስጥ ያለው ዘይት በቀላሉ የሚተን ነው። ቅርፊቱ እስካለ ድረስ ታፍኖ ይቆያል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ይሄዳል። ከወራት በፊት የተፈጨ ኮረሪማ ቀለሙ አለ፣ ስሙ አለ፣ ሽታው ግን የለም። ከዚያ ሰው «አልሸትት አለኝ» ብሎ በማንኪያ ላይ ማንኪያ ይጨምራል፤ ወጡ ይመርራል እንጂ አይሸትም። በዚያ ላይ ዱቄት ከሆነ ከምን ጋር እንደተፈጨ በዓይን ማወቅ አይቻልም። ያልተፈለፈለውን ግን ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ኮረሪማና ሄል ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። ሁለቱም ከዝንጅብልና ከእርድ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ኮረሪማ የራሳችን ነው፤ ተለቅ ያለ፣ ቡናማ፣ ቅርፊቱ ጠንካራ። ሄል ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ቅርፊቱ ስስ ነው፤ መነሻው ደቡብ ሕንድ ሲሆን ዛሬ በብዛት የሚያመርቱት ጓቲማላና ሕንድ ናቸው። ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ሽታቸውን በአፍንጫ ብትለዩት ጥሩ ነው። ሄል ሹል ነው፣ ጣፋጭ፣ ቶሎ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ። ኮረሪማ ረጋ ያለ ነው፣ ጠለቅ ያለ፣ ትንሽ የጭስ ነገር ያለው። የባሕር ዛፍ ቅጠል በእጃችሁ አሽታችሁ ብታሸትቱት ደግሞ በሁለቱም ውስጥ ያለውን ያንን ቀዝቀዝ የሚያደርግ ሽታ ታገኙታላችሁ። ሲኒዮል የሚባለው ንጥረ ነገር በሦስቱም ውስጥ ስላለ ነው። ለዚህ ነው ከልክ ሲያልፍ ምግቡ መድኃኒት መድኃኒት የሚለው። ስለዚህ ማነስ ይሻላል፤ ያነሰውን ኋላ መጨመር ይቻላል።

የእኔ አካሄድ በአጭሩ ይህ ነው፦ ለጨው ምግብ ኮረሪማ፣ ለወተትና ለስኳር ነገር ሄል። የምጥሰው ጊዜ አለ፣ እሱን ከታች እነግራችኋለሁ።

አገዛዙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ግማሹ ሥራ እዚያ ነው። ወደ እኛ ገበያ የሚመጣው ኮረሪማ አብዛኛው ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ ከከፋ፣ ከጅማ፣ ከጋሞና ጎፋ በኩል። ጎጃም ከዚህ ቅመም ጋር ያላት ትውውቅ የዛሬ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ቡናውን፣ ወርቁን፣ ዝባዱን፣ ኮረሪማውን ይዘው የሚያርፉበት ትልቅ ገበያ ነበር። አያቶቻችን ኮረሪማ ሲገዙ ያልተፈለፈለውን አይተው፣ መዝነው፣ አሽትተው ነው።

እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ቅመም የምገዛባቸው ሴትዮ ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ «እማማ፣ አንዷን ልክፈታት?» እላለሁ። «ክፈቻት ልጄ፣ ካልወደድሻት ለምን ትገዣለሽ» ይላሉ። ደህና ነጋዴ አይከለክልም። ስትከፍቱት ውስጡ ሦስት ክፍል አለው፣ በመካከሉ ስስ ነጣ ያለ ሽፋን። ፍሬዎቹ ቡናማ፣ አንጸባራቂ፣ ተጣብቀው የተቀመጡ መሆን አለባቸው። በጥፍር ስትጫኗት ቶሎ የምትሸት ፍሬ ጥሩ ናት። ደርቃ አመድማ የምትመስል፣ ሳትሸት የምትፈረፈር ከሆነች ተዉአት። ሻጋታ ያለበትንም፣ ነቀዝ የበላውንም። አንዳንዱ ኮረሪማ ላይ ቀዳዳ ታያላችሁ፤ ሲደርቅ በክር ተሰክቶ ስለነበር ነው፣ አትደንግጡ። የነቀዝ ቀዳዳ ትንንሽ ነው፣ አጠገቡም ዱቄት አለው። ሌላው ክብደቱ ነው። ሁለት እኩል የሚያህሉ ኮረሪማዎች በእጃችሁ ብትይዙ የከበደችው ሙሉ ናት።

ሄል ስትገዙ ደግሞ አረንጓዴውን ምረጡ። ቢጫ ወይም ነጣ ያለው ብዙ ጊዜ ቆይቶ ወይም ፀሐይ መትቶት ነው። አፉ የተከፈተውን አትውሰዱ፤ ፍሬው ካልወደቀ እንኳ ሽታው ወጥቷል።

አሁን ወደ ድስቱ እንግባ። አንድ ነገር ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል፦ የኮረሪማ ሽታ ከውኃ ይልቅ ቅባት ይወዳል። ቅቤ ውስጥ ወይም ዘይት ውስጥ ከገባ ሽታው ቅባቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቅባቱ በተራው ምግቡን ሁሉ ያዳርሰዋል። ውኃ ላይ ብቻ ከጣላችሁትና ክዳኑን ከፍታችሁ ካፈላችሁት ግን ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ቤቱ ይሸታል፣ ወጡ ግን ባዶ ነው።

ለዚህ ነው ንጥር ቅቤ ላይ ኮረሪማ እንደዚያ የሚያምረው። እኔ ለ1 ኪሎ ለጋ ቅቤ ከ6 እስከ 8 ኮረሪማ እጠቀማለሁ። ለቅቤ አልፈለፍለውም። በዘነዘና አንድ ጊዜ መታ አድርጌ እሰነጥቀዋለሁ፣ ከነቅርፊቱ ይገባል፤ ኋላ ስለሚጠለል ችግር የለውም። ከእሱ ጋር አንድ እፍኝ ኮሰረት፣ ትንሽ የተከተፈ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ቆንጠር የምታህል አብሽ፣ ለቀለም ትንሽ እርድ። ከዚህ በላይ ቅመም አላበዛም። አንዳንድ ሰው ያለውን ቅመም ሁሉ ቅቤው ላይ ይጨምራል፤ ያ ቅቤ ኋላ የትኛውም ወጥ ላይ ቢገባ ያው አንድ ዓይነት ያደርገዋል፣ እኔ አልወድም።

እሳቱ ዝቅ ያለ ይሁን። ቅቤው ሲቀልጥ አረፋ ይይዛል፣ ከዚያ ጠጥ ጠጥ እያለ ይጮኻል። የሚጮኸው ውኃው ነው። ቅመሙን በዚህ ጊዜ ጨምሩ። ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አረፋው ይሳሳል፣ ከሥር የሚቀመጠው ነገር ወርቃማ ይሆናል፣ ከላይ ያለው ቅቤ የድስቱን ሥር እስኪያሳይ ድረስ ይጠራል። ጩኸቱ ዝም ሲል አውጡት። ከዚያ ካለፈ ሥሩ ያራል፣ ኮረሪማውም አብሮ ያራል፣ ያረ ኮረሪማ ደግሞ መራራ ነው። በወንፊት ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥልሉት።

ዶሮ ወጥ ላይ ሌላ ነው። ቅቤው ውስጥ ያለው ኮረሪማ መሠረቱን ይዞታል፣ ግን ሽንኩርቱና በርበሬው ለሰዓታት እየተቁላላ ስለሚቆይ መጀመሪያ ላይ ብትጨምሩት ሲጨርስ ምኑም አይቀርም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ነው። ለአንድ ዶሮ 3 ኮረሪማ እፈለፍላለሁ። ፍሬውን በደረቅ ብረት ምጣድ ላይ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጌ፣ ሽታው እስኪወጣ ድረስ ብቻ አምሰዋለሁ፤ ቀለሙ መቀየር የለበትም። ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ ሸክሸክ። ልም ዱቄት ማድረግ አያስፈልግም። ዶሮው በስሎ እንቁላሉ ሊገባ ሲል ይህን የተሸከሸከ ኮረሪማ ነስንሼ፣ አንዴ አማስዬ፣ ክዳኑን ገጥሜ ለ5 ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ እንዲንተከተክ እተወዋለሁ። ከዚያ ማውጣት ነው። ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈቱ። ልጆች እየመጡ «እስቲ ላሽትት» ሲሉ እንኳ እሺ አልላቸውም።

ምንቸት አብሽም በዚሁ መንገድ ነው። ጥብስ ላይ ግን ኮረሪማ አላደርግም። ጥብስ ቶሎ የሚደርስ ምግብ ነው፣ ሥጋውና ሮዝመሪው ይበቃዋል።

ጾም ሲሆን ነው ኮረሪማው ከነቅርፊቱ እጅግ የሚጠቅመኝ። ቅቤ የለም፣ ስለዚህ ዘይቱ የቅቤውን ሥራ መሥራት አለበት። ክክ አልጫ ስሠራ ለግማሽ ኪሎ ክክ 2 ኮረሪማ ሰንጥቄ፣ ሽንኩርቱ በዘይት ለስለስ ካለ በኋላ እጥለዋለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ይከተላሉ። አብሮ ለትንሽ ደቂቃ ይቁላላ። ከዚያ የተቀቀለው ክክ ይገባል። ከቅርፊቱ ሽታው ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ክኩ እስኪበስል ድረስ ይቆያል፣ አልጫውም ቢጫውን እንደያዘ ጥርት ብሎ ይወጣል። ወቅጣችሁ ብትጨምሩት ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ያበላሸዋል። ድንች አልጫም እንደዚሁ ነው። ከእንጅባራና ከአዊ በኩል የሚመጣው ድንች ደረቅ ሲሆን ቅመሙን ይመጥጣል፣ ስለዚህ እሱ ላይ አንድ ኮረሪማ እጨምራለሁ።

አደራ፣ ስንት እንደጣላችሁ ቁጠሩ። ሳይወጣ የቀረ የኮረሪማ ቅርፊት እንጨት ነው፣ አይበላም፤ እንግዳ ጥርስ ሥር ከገባ ያስጠላል። መቁጠር ካልወደዳችሁ በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ በክር ጫፉን ድስቱ እጀታ ላይ እሰሩት፣ ሲያልቅ ሳብ ነው።

ሽሮ ላይ ኮረሪማው አብዛኛውን ጊዜ ከሽሮው ጋር ተፈጭቶ ስላለ ደግሞ መጨመር አያስፈልግም። የእናንተ ሽሮ ብዙ የቆየ ከሆነ ግን ሲወጣ የአንድ ኮረሪማ ፍሬ ወቅጣችሁ ብትነሰንሱበት ነፍስ ይዘራበታል።

ሩዝ። ባሕር ዳር ስሄድ የፎገራ ሩዝ ይዤ እመለሳለሁ። እዚህ ላይ ሄል ነው፣ ጨው ምግብ ቢሆንም። ለ2 ኩባያ ሩዝ 4 ሄል በትንሹ ሰንጥቄ፣ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፣ 3 ቅርንፉድ ዘይት ውስጥ አስገባለሁ። ሄሉ ትንሽ ሲነፋና ሲሸት የታጠበውን ሩዝ ጨምሬ ዘይቱ እስኪዳረሰው አማስላለሁ፣ ከዚያ ጨውና የፈላ ውኃ። ክዳኑን ገጥማችሁ እሳቱን ዝቅ። ከጣና ቀረሶ የተጠበሰ ዓሣ ጋር ይህ ሩዝ ሲቀርብ ሌላ ወጥ አያስፈልገውም። ሎሚ ጠብ ማድረግ ብቻ ነው።

ወደ ጣፋጩ ስንመጣ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ሩዝ በወተት ነው። ለልጅም ይሆናል፣ ለሽማግሌም፣ ፍስክ ከሆነ ለቁርስም። 1 ሊትር ወተት፣ ግማሽ ኩባያ ሩዝ፣ 5 ሄል። ሄሉን መታ አድርጋችሁ አፉን ክፈቱት፣ ፍሬው ግን አይፍሰስ። ወተቱ ቀዝቃዛ እያለ አብሮት ይግባ። ይህ ቁም ነገር ነው። ወተቱ ቀስ እያለ ሲሞቅ ሄሉም ቀስ እያለ ይሰጣል፣ ወተት ደግሞ ቅባት ስላለው ሽታውን ይይዘዋል። የላም ወተት ካላችሁ፣ ቅባቱ ያልወጣለት፣ የበለጠ ነው። ሊፈላ ሲል የታጠበውን ሩዝ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ከድስቱ አትራቁ። ሥሩ እንዳይዝ እያማሰላችሁ፣ ሩዙ ፍርስ ብሎ ወተቱ እስኪወፍር ድረስ ጊዜ ይወስዳል፣ አትቸኩሉ።

ማር የምትጨምሩ ከሆነ ከእሳት ካወጣችሁትና በረድ ካለ በኋላ ይሁን። ማር ኮምጣጣነት አለው፣ የሚፈላ ወተት ላይ ከገባ ሊያቆራርጠው ይችላል። የማሩም ሽታ በእሳት ይጠፋል። የጎጃም ማር ደግሞ ሽታው እንዲጠፋ የሚደረግ ማር አይደለም። ማርና ሄል አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም፣ ሁለቱም ይታወቃሉ።

አጥሚት ላይም ያስኬዳል። የአጃ አጥሚት ለአራስ ስሠራ 2 ሄል ከውኃው ጋር አፍልቼ፣ ቅርፊቱን አውጥቼ፣ ከዚያ የአጃውን ዱቄት በጥብጬ እጨምራለሁ። ትንሽ ንጥር ቅቤና ማር ከላይ። አራስ ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ ሽታ አይስማማትም፣ ስለዚህ ከሁለት አላሳልፍም፣ አስቀድሜም እጠይቃታለሁ።

ሻይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለ1 ሊትር ውኃ 3 ሄል፣ ቀረፋ፣ 2 ቅርንፉድ። እዚህ ላይ ውኃ ስለሆነ ክዳኑ ይገጠም፣ ሻይ ቅጠሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይግባ። ሻይ ቅጠሉን ከቅመሙ ጋር አብሮ ማንጨርጨር ሻዩን ያመርረዋል፣ ሰው ግን ሄሉን ይከሳል።

ቀደም ሲል የምጥሰው ጊዜ አለ ካልኩት፣ ከሩዙ ሌላ፣ ድፎ ዳቦ ነው። ጣፋጭ ዳቦ ስጋግር ሄል ሳይሆን ኮረሪማ አደርጋለሁ። ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት የ3 ኮረሪማ ፍሬ ሸክሽኬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ጨው፣ እርሾ። ኮረሪማውን ከዱቄቱ ጋር ከማደባለቅ ይልቅ በትንሽ ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ አስቀድሜ አሳርፈዋለሁ፣ ከዚያ ዘይቱ ከነፍሬው ሊጡ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ቁራሽ ላይ ይደርሳል። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር የኮባው ሽታና የኮረሪማው ይስማማሉ። ሄል ሞክሬው አውቃለሁ፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ይጣላል።

ቡና ላይ በጣም ትንሽ። የአንድ ኮረሪማ ሁለት ሦስት ፍሬ ከተቆላው ቡና ጋር ይወቀጥ። ከዚያ በላይ ከሆነ ቡናው ቡና መሆኑ ይቀራል።

የውጭ አሠራር አይታችሁ ሄል የሚል ካለና ቤት ያለው ኮረሪማ ብቻ ከሆነ፣ ምግቡ ሥጋ ወይም ጥራጥሬ ከሆነ ያለ ፍርሃት ተኩት። የአንድ ኮረሪማ ፍሬ ከሄሉ ብዙ እጥፍ ስለሆነ በቁጥር ሳይሆን በፍሬው መጠን ተኩ፤ ሦስት ሄል ከተባለ የአንድ ኮረሪማ ፍሬ ይበቃል። ክሬም ወይም ኬክ ከሆነ ግን ሄሉን ፈልጉ፣ ያቺ የኮረሪማ የጭስ ነገር እዚያ ላይ ቦታ የላትም።

ከተፈለፈለ በኋላ የሚቀረውን የሄል ቅርፊት አትጣሉት። ስስ ስለሆነ ሽታ ይዟል። እኔ ስኳር ዕቃ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ስኳሩ ለሻይ ሲሆን ያስታውቃል። የኮረሪማ ቅርፊት ግን ብዙም የለውም፣ ለከሰል ማያያዣ ይሆናል።

አቀማመጡ፦ ክዳኑ የሚገጥም ጠርሙስ፣ ጨለማ ቦታ፣ ከምድጃ የራቀ። ከምድጃው በላይ ያለ መደርደሪያ ለእጅ ይመቻል፣ ግን ሙቀቱና እንፋሎቱ ቅመሙን ይጨርሰዋል። በክረምት እርጥበቱ ስለሚበዛ ኮረሪማውን ከመክተታችሁ በፊት ፀሐይ ስትወጣ ሰፌድ ላይ ጥቂት አናፍሱት። ሄልና ቅርንፉድ አንድ ዕቃ ውስጥ አታስቀምጡ፣ ቅርንፉዱ ያሸንፈዋል።